ሽቦው ሳይለካ

የለበሰችው ቱታ የእሷ አይደለም። ደረቱ ላይ ተጠልፎ የነበረው ስም ተተርትሮ የመርፌው ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። የሚያናድድ ነገር ስትሰማ መልስ ከመስጠቷ በፊት ሰፊውን እጅጌ አንድ እጥፍ ትጨምርበታለች።

ጋራዡ እንደ ምድጃ ይግላል። የመመርመሪያው ስክሪን ግን የፒክአፑ ነዳጅ ከዜሮ በታች አርባ ዲግሪ ነው ይላል። አለቃው አዲስ የሙቀት ሴንሰር ከነካርቶኑ ይዞ መጣ።

«ቀይሪው።»

«ሽቦው ሳይለካ አልቀይርም።»

«የሙከራ ጊዜሽ ዛሬ ያልቃል። ከተሳሳትሽ ነገ እንዳትመጪ። የወንድምሽ ቱታ መካኒክ አያደርግም፣ እህቴ።»

እጅጌዋን አጠፈች። «ካርቶን መያዝም አያደርግም፣ ጋሼ።»

ጥግ ላይ የሚሠራው በያጅ ሳቁን ዋጠ። እሷ ሶኬቱን ከሴንሰሩ ነቅላ ሁለቱን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኘቻቸው። መስመሩ ደህና ቢሆን ቁጥሩ ወዲያው ሽቅብ ይተኮስ ነበር። ንቅንቅ አላለም።

«አዩ? መንገዱ ተቆርጦ መልእክተኛው ቢቀየር ምን ይረባል?»

መስመሩን በጣቶቿ እየዳበሰች ሄዳ ባትሪው ስር ቆመች። የባትሪው ማቀፊያ ብረት ሽቦውን ቀርጥፎታል። ጫፎቹን ልጣ አያያዘች፣ በቴፕ ጠቀለለች፣ ሶኬቱን መለሰች። ስክሪኑ ሠላሳ ስምንት አለ።

አለቃው ካርቶኑን አገላበጠ። «ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«የቱታው ባለቤት።»

የታጠፈውን እጅጌ ፈትታ ለቀቀችው፤ ጣቶቿን እስከ ጥፍሯ ዋጣቸው።

«ነገ ሁለት ሰዓት ላይ እገባለሁ፣ ጋሼ። በሩን ከፍተው ይጠብቁኝ።»