ጾሜን ሊያስፈቱኝ የመጡ የፖርቱጋል ገበሬዎች

ከጉርድ ሾላ የወጣሁ ምሽት ሰፈርተኛው ሚኒባስ ውስጥ ታጭቆ ቦሌ ድረስ ሸኘኝ። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ነው፤ ፓስፖርት ያገኘ ሁሉ ይሄዳል። እናቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «ወረቀትሽን ያዢና ቶሎ ነይ፣ አንዴ ልይሽ» አለችኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ሊዝበን ሆቴል ትሠሪያለሽ የተባልኩት ሴትዮ፣ ሰሜን ፖርቱጋል ገጠር የአንዲት ባልቴት ጎመን ኮትኳች ሆኜ አረፍኩት። ዶና አልበርቲና ይባላሉ፤ የምኖረውም እሳቸው ቤት ነው። ጎመናቸው በቁመት ይበልጠኛል፣ ዝናባቸው የእኛን ሐምሌ ያስንቃል፣ ዳቦው የበቆሎ ነው። መንደሩን «ፍሬጌዚያ» ይሉታል፤ ቀበሌና ደብር ተጋብተው የወለዱት በሉት። ከቀበሌ አመለጥኩ ስል ቀድሞኝ ደርሶ ጠበቀኝ!

ጸሐፊውን ሴኞር አርማንዶን የነዋሪነት ወረቀት ጠየቅኳቸው። እሱ ከሌለ የመኖሪያ ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ከሌለ እናቴን አይቼ መመለስ የለም።

«የሚያውቁሽ ሁለት ምስክሮች አምጪ።»

«እርስዎስ? ትናንት አብረን ወይራ ስንለቅም አልዋልንም?»

«እሱ ማሳ ላይ ነው። ቢሮ ውስጥ አላውቅሽም።»

ዶና አልበርቲናና ጎረቤታቸው ማኑዌል እንመሰክራለን አሉኝ። በዚያው ሳምንት ግን ዶና አልበርቲና አሳማ አረዱ። እዚያ አሳማ ሲታረድ ጎረቤት ሁሉ ይሰበሰባል፤ አልበላም ያለ እንደ ተሳዳቢ ይቆጠራል። ሳህኑ ሲቀርብልኝ ላብ አጠመቀኝ። ምስክሮቼን ላስቀይም ነው? «ጾም ነኝ» አልኩ። አልዋሸሁም፤ የገና ጾም ነበር። አገር ቤት እንዲህ ካልሽ ማን ይነዘንዝሻል?

«መቼ ይፈታል?» አሉ ማኑዌል።

«በገና። የእኛ ገና ከእናንተ በኋላ ነው።»

ተገላገልኩ ብዬ ረሳሁት። በገናችን ዕለት ከማሳ ስገባ ማኑዌል ክራባት አስረው ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ ለእኔ ተብሎ ምድጃው ላይ ተሰቅሎ ጭስ ሲጠጣ የሰነበተ የአሳማ ቋሊማ አለ።

«እንኳን አደረሰሽ! ብዪና ሄደን እንፈርማለን!»

ዓይኔ እንባ ሞላ። እንዲህ አስቦልኝ የሚያውቅ ዘመድ እንኳ የለኝም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ዶና አልበርቲና። እኛ አሳማ በጾምም በፍስክም አንበላም። ያኔ ጾሙን ያነሳሁት እንዳይከፋችሁ ብዬ ነው። አገሬ ጾም ነኝ ያለን ሰው የሚያስገድድ የለም።»

«እኛ አገር ደግሞ ድርሻውን የማያስቀምጥለት የለም!» አሉ ማኑዌል፣ ክራባታቸውን እያላሉ።

ዶና አልበርቲና ቋሊማውን ከፊቴ አነሱት። ወረቀቴ አለቀለት አልኩ። ከዚያ ሳቃቸውን ለቀቁትና ሌላ ቋሊማ አውርደው ጠበሱልኝ።

«ይሄ አልዬይራ ነው፤ ዶሮና ዳቦ። ድሮ እዚህ አይሁዶች ነበሩ። አሳማ አትበሉም ተብለው ሲሳደዱ፣ ለሚሰልላቸው አሳማ እንዲመስል ይሄን ጠቅጥቀው ይሰቅሉ ነበር ይባላል። አንቺ የመጀመሪያዋ መሰለሽ? ብዪ!»

ጠግቤ በላሁ። ነጭ ሽንኩርቱ በዝቷል፣ በርበሬ ይጎድለዋል፣ ግን በላሁ። ከዚያ ሄደው ፈረሙልኝ። እኔም ለእናቴ ልደውል ሮጥኩ።

«እማዬ፣ ወረቀቱ ተፈረመ! ለፋሲካ እመጣለሁ!»

«እልልል! ማን መሰከረልሽ?»

«ጎረቤቶቼ።»

«ምን ብለው?»

«‹የዚህ መንደር ሰው ናት› ብለው።»

እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ነሽ እንዴ?» አለችኝ።

መስመሩ እየተቆራረጠ ነው አልኳት። መስመሩ ግን ጥርት ያለ ነበር።