ለጎደሬ የተሟገትኩበት ቅዳሜ

ያን ቅዳሜ ባስታወስኩ ቁጥር አሁንም ብቻዬን እስቃለሁ፤ ታክሲ ውስጥ ብሆን እንኳ አላፍርም።

ቴፒ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ግቢያችን ውስጥ ሰው የሚበላው ከአገሩ ልጆች ጋር ነበር። ካፌ ስንገባ የሰሜኑ ልጅ ወደ መስኮቱ፣ የአካባቢው ልጅ ወደ በሩ፣ የአዲስ አበባው ወደ መሐል፤ ማንም ሳያዘን ትሪያችንን ይዘን በየጠረጴዛችን እንበታተናለን። እኔ ከጎጃም የመጣሁ የመስኮት ሰው ነኝ። ከእኔ በላይ ባለው ተደራራቢ አልጋ የሚተኛው የሸኮ ልጅ ደግሞ የበር ሰው ነው። አምስት ወር አንድ ክፍል አድረን የተነጋገርነው «መብራቱን ላጥፋው?» እና «አጥፋው» ብቻ ነበር። አንድ ቀን በምሳ ሰልፍ ላይ ማን ቀደመ በሚል ጠብ ተነስቶ ትሪ እስከ መወራወር ደረስን።

ከዚያ በኋላ ነው ጥቂት ሆነን የክርክር ክበብ እናቋቁም ያልነው። ሐሳቡ የእኔ ነበር፤ እንዴት እንደኮራሁበት አትጠይቁኝ። የተማሪዎች ዲኑ ግን ክርክር ሲባል የሚታያቸው የተሰበረ መስኮት ነው። ለምነን ለምነን ለሙከራ አንድ ቅዳሜ ፈቀዱልን።

«እኔ ራሴ ፊት ለፊት እቀመጣለሁ» አሉን። «አንድ ሰው ቢጮህ፣ አንድ ሰው ቢሰደብ አዳራሹን እቆልፋለሁ። ክበብ የሚባል ነገር ዳግም አታነሱብኝም።»

እኔ በዚያን ሰሞን ከክበቡ በቀር የማስበው ነገር አልነበረም፤ ፈተና መድረሱን እንኳ የነገሩኝ ሌሎች ናቸው።

ሁለት ሕግ አወጣን። ማን በየትኛው ወገን እንደሚቆም የሚወሰነው በዕጣ ነው። ደግሞም መልስ ከመስጠትህ በፊት ተቃራኒህ ያለውን በራስህ አንደበት ትደግማለህ፤ እሱ «አዎ፣ ያልኩት ይህን ነው» እስኪል ድረስ መልስ የለም። ርዕሱ በካፌያችን በሳምንት ሁለት ቀን የአካባቢው ሥራ ሥር ጎደሬ ይቅረብ ወይስ አይቅረብ የሚል ሆነ። ዕጣው ሲወጣ ይቅረብ ባዩ እኔ፣ አይቅረብ ባዩ የሸኮው ልጅ! እሱ ጎደሬ በልቶ ያደገ፣ እኔ ቀምሼው የማላውቅ። የተሰበሰበው ሁሉ በሳቅ ፍርስ አለ።

እኔ ግን ማሸነፍ ፈለግኩ። ወሬ ብቻ ምን ያደርጋል፣ ሰው ይቅመስ እንጂ ብዬ በጠዋት ገበያ ወርጄ ጎደሬ ገዛሁ። ሻጯ «በደንብ ቀቅለው ልጄ፣ በደንብ» ስትለኝ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ ሮጥኩ። ለእኔ ያው ድንች ነው፤ ድንች መቀቀል ማን ያቅተዋል? ከግቢው በር ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት ምድጃ ለምኜ ጣድኩት፤ ሹካ ሲገባለት አወጣሁት። የላይኛው አልጋ ጎረቤቴን አንድ ቃል ብጠይቀው ኖሮ! ግን ተቃራኒዬ ነው፤ ምስጢሬን እንዴት ላውጣለት?

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ዲኑ ፊተኛው ወንበር ላይ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። ሳህኔን በሁለት እጄ ይዤ አቀረብኩላቸውና ትልቁን ቁራጭ አነሱ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ጎረስኩ።

«ይህ ጎደሬ...» አልኩ፤ ወዲያው ጉሮሮዬ ውስጥ ጉንዳን የፈሰሰ መሰለኝ። «ይህ... እህ... ርካሽ ነው... እህ፣ እህ... እዚሁ ይበቅላል...» ድምፄ እዚያ ላይ ጠፋ። ለካ ሻጯ «በደንብ» ያለችኝ ያልበሰለ ጎደሬ ጉሮሮ ስለሚያሳክክ ነው! ዲኑን ባያቸው ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ አንገታቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ክበቡን በገዛ እጄ ቀቅዬ ገደልኩት አልኩ በልቤ።

ተራው የሸኮው ልጅ ሆነ። ሕጉ ስለሚያስገድደው መጀመሪያ የእኔን መድገም አለበት። ተነስቶ ሳህኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ነከሰ።

«ወንድሜ ያለው እንዲህ ነው» ብሎ ጀመረ። «ጎደሬ ርካሽ ነው፤ እዚሁ ይበቅላል። እናቶቻችን ያሳደጉን በእሱ ነው። እዚህ ግቢ ግን የደሃ ምግብ ነው ተብሎ ስለሚሳቅብን ከቤት ሲላክልን ዶርም ውስጥ ተደብቀን እንበላለን። አንድ ቀን ካፌ ውስጥ ትሪ ላይ ባየው ይህ ግቢ የእኔም ነው እል ነበር።» ወደ እኔ ዞረ። «ያልከው ይህን ነው?»

እኔ እንዲህ አላልኩም። ሩቡን እንኳ አላሰብኩትም። ከራሴ በላይ ባለው አልጋ ሰው ተደብቆ እንደሚበላ የት አውቄ! አፈርኩ። ድምፅ ስለሌለኝ ራሴን ነቀነቅኩ፤ ደጋግሜ ነቀነቅኩ።

«እንግዲህ መልሴ» አለ ፊቱ እየፈካ፤ «ጎደሬ አይቅረብ! ይሄን የመሰለ ወጥ ቤት ከቀጠሩልንማ» በእጁ ወደ እኔ አመለከተ፤ «ግቢው በአንድ ምሳ ይዘጋል!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳቅ ልነግራችሁ አልችልም። የመስኮቱ ሰው የበሩን ሰው ትከሻ ይዞ ይንከተከታል። እኔም ጉሮሮዬን እያከክሁ፣ እንባዬ እየወረደ እስቃለሁ። ድምፅ ሲሰጥ ከአዳራሹ ሦስት አራተኛው እጁን ለእሱ አወጣ፤ እኔም አወጣሁ። ያ ሁሉ ጩኸት ሲቀልጥ ነው የዲኑ ማስጠንቀቂያ ትዝ ያለኝ።

ዲኑ ተነሱ። ሁላችንም ወደ እሳቸው ዞርን። አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም አልወጣም። በእጃቸው ወረቀት ጠየቁና ቆመው ጽፈው ለሸኮው ልጅ ሰጡት። ጮክ ብሎ አነበበው፦

«አዳራሹ ቅዳሜ ቅዳሜ የእናንተ ነው። ለመጪው ሳምንት ጎደሬውን አንተ ቀቅል፤ እሱ አጠገብህ ቆሞ ይማር።»

ቅዳሜን አልጠበቅንም። በማግስቱ አብረን ገበያ ወረድን።