የቀሚሱ ልክ

የቀበሌው ኪነት ቡድን አዘጋጅ ሎጋ ሰው ነበር፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ በካኪ ካፖርት እስከ አገጩ ቆልፎ፣ አገር የናቀውን ሁሉ እየለቀመ መድረክ ላይ ያወጣል። ባላባቱን ሆና እንድትጫወት የሸክላ ሠሪዋን ልጅ መረጠ። እመቤቲቱን ደግሞ አረማመዱ የሴት ነው እየተባለ ለሚሳቅበት ለቄሱ ልጅ ለዘርአ ዳዊት ሰጠ።

የቀበሌው ሊቀመንበር "ይኼ ምን ዓይነት ቅሌት ነው?" ብለው አፈጠጡበት።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ጭቁኑን ወደ መድረክ አምጣ አላሉኝም? ከእነዚህ የባሰ ጭቁን አጣሁ።"

ሊቀመንበሩ የራሳቸውን መፈክር ሊቃወሙ አልደፈሩም።

በልምምዱ ቀን አዘጋጁ ከሣጥኑ ሐምራዊ የሳቲን ቀሚስ አወጣ። "የእኅቴ ነው" አለ። ዘርአ ዳዊት ሲለብሰው ጫፉ መሬት ጠረገ፤ እጅጌው ጣቶቹን ዋጠ።

"እኅትዎ ምንኛ ረጅም ናቸው፣ ጋሼ!"

አዘጋጁ አፉን በስፒል ሞልቶ፣ መቀስ ይዞ ከእግሩ ሥር ተንበረከከ። ዘርአ ዳዊት የአዘጋጁን ሰፊ ትከሻና ረጅም ክንድ ቁልቁል አየ፤ የቀሚሱን እጅጌ አየ። ሳቁ መጣበት፤ ዋጠው።

"አይቁረጡት" አለና ጫፉን በሁለት ጣቱ ከፍ አደረገ። "እንዲህ እይዘዋለሁ። እኅትዎ መልሰው ይለብሱት ይሆናል።"

አዘጋጁ ስፒሎቹን ከአፉ አወጣ፤ መቀሱን ኪሱ ከተተ።

"ከያዝከውስ አይቀር" አለ፣ "እመቤት እንዲህ ነው የምትሄድ።" ካፖርቱን እንደ ቆለፈ አዳራሹን አቋርጦ አሳየው።

ዘርአ ዳዊት በአረማመድ የሚበልጠው ሰው ሲያይ ያ የመጀመሪያው ነበር።