ሰፊ ጃኬት የለበሰችው ሴት

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። እኔ ከኋላዋ ነኝ። ውጭው ዝናብና ጉም ስለሆነ የበቆሎው ማሳ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል። የለበሰችው የወንድ ጃኬት ነው፤ እጅጌው ረዝሞ ጣቶቿን ውጧቸዋል። መስታወቱ በትንፋሿ ሲደበዝዝ በዚያ እጅጌ ትጠርገዋለች፤ ከዚያ ጫፉን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ትንሽ ትቆያለች።

የስልኳን ማዳመጫ በአንድ ጆሮዋ ሰክታ፣ ዓይኗን ከድና በለሆሳስ ትደግማለች።

«ኖኖስታንቴ ላ ፒዮጃ… ኖኖስታንቴ ላ ዲስታንሳ…»

አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ ጸሎት መስሏቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኑረዋል። እሷ ዝም ባለች ቁጥር «አሜን» ይላሉ። ኋላ ላይ ሰማቻቸውና ፈገግ አለች።

«ጸሎት አይደለም አባቴ፤ ጣልያንኛ እየተማርሁ ነው።»

«እኔ ደግሞ ግእዝ መስሎኝ። ምን ማለት ነው ልጄ?»

«የመጀመሪያው ‹ዝናቡ ቢኖርም› ማለት ነው። ሁለተኛው ‹ርቀቱ ቢኖርም› ነው።»

«ርቀቱ ቢኖርም ምን?»

ጃኬቱን ወደ አንገቷ ሰበሰበችው።

«እሱ ላይ ገና አልደረስሁም» አለች።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አንስተው ሊደፉት ሲሉ እሷ ዓይኗን ከድና እንደገና ጀመረች።

«ኖኖስታንቴ ላ ዲስታንሳ…»

ባርኔጣውን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«አሜን» አሉ።