የእህቴ የሚዮሲስ ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ ዘመሮ በሚባል ደጋ አገር ባለው ቤታችን ማታ ማታ ተረት የምትነግረን ታላቅ እህቴ ስንዱ ነበረች። አያታችን ካረፉ ወዲህ ተረት መንገሩ ለእሷ ቀረ። ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ማጥናቷን አናውቅላትም። አንድ ምሽት አላስቀምጥ ስንላት «እሺ፣ የማጠናውን ሚዮሲስ፣ የዘር ሕዋስ አከፋፈሉን፣ በተረት ልንገራችሁ» አለችን።

የኩበቱ ፍም አመድ ለብሶ ከሥሩ ይቀላል፣ ጢሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠ ወደ ጣሪያው ይወጣል፣ የሶላሯ መብራት እህቴ ጉልበት ላይ ያለውን መጽሐፍ ብቻ ታበራለች። እናቴ ለብርድ ልብስ ከፈተለችው የበግ ጠጉር ስንዱ ጥቁርና ነጭ ክር ቆረጠች፤ እያንዳንዱን ክር ደርባ ወገቡ ላይ አሰረችና አጎዛው ላይ ዘረጋችው።

«እነዚህ ክሮሞሶሞች ናቸው። ጥቁሮቹ ከአባት፣ ነጮቹ ከእናት የመጡ። መጀመሪያ የሚመሳሰሉት ተፈላልገው ይተቃቀፋሉ፤ ከገላቸውም ቆርሰው ይለዋወጣሉ። ይኼ ፕሮፌዝ አንድ ነው።» ቀጥላም ጥንድ ጥንዱን አጎዛው መሃል ላይ ፊት ለፊት አስቀመጠች። «ሜታፌዝ አንድ። አሁን ሊለያዩ ነው።»

ወንድሜ ሊያለቅስ ደርሶ «ለምን ይለያያሉ?» አላት።

«ካልተለያዩማ ልጅ አይወለድም» አለችው።

እሷን ያስቸገራት ሁለቱን ሜታፌዞች መለየቱ ነበር። ለእኛ ስትደጋግም ለራሷም ጠራላት፦ ጥንድ ሆነው መሃል ላይ ከቆሙ የመጀመሪያው ነው፤ ጥንዱ ተለያይቶ እያንዳንዱ ለብቻው ከተሰለፈ ሁለተኛው። ከዚያ የተደረቡት ክሮችም ተፈትተው ወደየጫፉ ይሳባሉ፤ መጨረሻ ላይ አራት ልጆች፣ አንዱ ካንዱ የማይመሳሰል።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞችን ወደ ፈተና ጣቢያው የሚወስደው አውቶቡስ በሚነሳበት ጠዋት እናቴን ያለ ወሯ ምጥ ያዛት። አባቴ በግ ሊሸጥ ሄዶ አልተመለሰም። እናቴ ጎረቤቶች የተሸከሙት ቃሬዛ ላይ ሆና «ሂጂ ልጄ፣ ጎረቤት አለልኝ» አለቻት።

«ፈተናው ለከርሞም አለ» አለች ስንዱ፤ ሻንጣዋን አስቀምጣ ከቃሬዛው ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች።

እናቴ ተረፈች፤ ሕፃኑ አልተረፈም። እናቴ እስክታገግም ቤቱን የያዘችው ስንዱ ነበረች። ከርሞ መጣ፣ አለፈ፤ ሌላውም እንዲሁ። ከዚያ ቀየት ወደሚባል አገር ተዳረች። ማንም ክፉ አላሰበባትም፤ ግን «ፈተናሽስ?» ያላት ሰው አልነበረም።

ዛሬ እኔ ዓለም ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባለፈው ክረምት ልጠይቃት ቀየት ሄጄ «እትዬ፣ የሚዮሲስ ተረትሽን ተማሪዎቼ እንዴት እንደሚወዱት ብታዪ!» አልኳት።

«የቱን ተረት?»

ረስታዋለች። አጠገቧ ተቀምጬ ያኔ እንደነገረችን አድርጌ ነገርኳት። እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ስጨርስ «ጎበዝ ነበርኩ አይደል?» አለችኝ።

«በጣም ጎበዝ ነበርሽ እንጂ» አልኳት።

የእኔ እንጀራ የወጣው ከእነዚያ ምሽቶች ነው፤ ለእሷ ምን እንደቀረላት አላውቅም። ስመለስ የተሳፈርኩበት መኪና ቁልቁለቱን ሲጀምር ነው «ነበርሽ» ሳይሆን «ነሽ» ልላት ይገባ እንደነበር የገባኝ።