ለልጁ ያላደላው ሽማግሌ

ባለቤቴ ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው። አሁን ሥራው ማስታረቅ ሆኗል። ባልና ሚስት ሲጣሉ እሱን ይጠራሉ፤ ጎረቤታሞች በአጥር ሲጋፉም እሱን። እኔና እሱ ስንጣላ ግን አስታራቂ የለንም፤ ባለሙያው ራሱ ተከሳሽ ነዋ።

አንድ ልጃችን የከተማው እግር ኳስ ክለብ ግብ ጠባቂ ነበር። ልምምድ ላይ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ሐኪሙ ያለ ቀዶ ጥገና አይሆንም አለ፤ ክለቡ ደግሞ የማሳከም ግዴታ የለብኝም ብሎ አረፈው። ጓደኞቹ፣ እሱ ካልታከመ ኳስ አንነካም ብለው ሥራ አቆሙ። ያን ቀን ደስታ አስለቀሰኝ።

ነገሩ ሲከር ሁለቱም ወገን ባለቤቴ ይሸምግለን አሉ። ተጫዋቾቹ የጓደኛቸው አባት ስለሆነ፣ የክለቡ ፕሬዚዳንት ደግሞ ሰው ማስቀየም እንደማይሆንለት ስለሚያውቅ። የኔ ጌታ ክራቫቱን ሁለቴ አስሮ፣ ሦስቴ መስታወት አይቶ ሄደ። በር ላይ ይዤ የልጁን ነገር አደራ አልኩት።

የሆነውን የነገረኝ አምበሉ ነው። ባለቤቴ ገና ከመቀመጡ፣ "እኔ እዚህ የማንም አባት አይደለሁም" ብሎ ጀመረ። ተጫዋቾቹ የልጃችንን ጉልበት ባነሱ ቁጥር፣ ለልጁ አደላ እንዳይባል፣ ስለ ሁሉም እንነጋገር እያለ ያስቆማቸዋል። ፕሬዚዳንቱ ሻይ በላይ በላዩ ያስቀዳለታል። በመጨረሻም ያለፈው ይለፍ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሚጎዳ ተጫዋች ሁሉ በክለቡ ወጪ ይታከም ሲል ፈረደ። ፕሬዚዳንቱ እስክሪብቶ ለማውጣት እንደዚያ ፈጥኖ አያውቅም። ልጆቹም አባትየው እንዲህ ካለ ለልጁ ያሰበለት ነገር ቢኖር ነው ብለው ፈረሙ።

ቤት ሲገባ ፊቱ በርቶ ነበር። ሁሉንም አወራልን። ልጄ እግሩን ወንበር ላይ እንደሰቀለ ሰምቶ ሲያበቃ፣ "አባዬ፣ የኔስ?" አለው።

"ልጄ፣ ያንተን ባነሳ ምን ይሉኝ ነበር?"

"አባቱ ነው ይሉህ ነበራ" አልኩት።

በማግስቱ ክለቡን ሊለምን ሄደ። ፕሬዚዳንቱ በትህትና፣ እርስዎ ራስዎ ያስማሙንን እኔ እንዴት ላፍርስ ብሎ ሸኘው።

እሑድ ክለቡ ተጫወተ። ከጨዋታው በፊት ባለቤቴን ሜዳ መሃል አቁመው በድምፅ ማጉያ አመሰገኑት። ሕዝቡ በሙሉ ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበለት። ልጄም አጨበጨበ፤ ተቀምጦ፣ መነሳት አይችልማ።