መቀስ የገባባቸው የፀሐይወርቅ ቀሚሶች

ቆንጂት ስትናደድ ዝም ብላ የምትናደድ ሴት አይደለችም። ክሊቭላንድ አቬኑ አጠገብ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ላውንደሪ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ፣ ሱፐርቫይዘር የተባለ ሁሉ እየፈራት መጥቶ እየፈራት ሄዷል። ነጩን ከባለቀለሙ ጋር የቀላቀለ ወዮለት! ልብስ ያላከበረ ባለቤቱንም አያከብርም ባይ ናት።

ታላቅ እህቷ ፀሐይወርቅ ባለፈው ኖቬምበር ሞተች። ፀሐይወርቅ ጀርሲ ወዳድ ነበረች፤ ያ የድሮ ፖሊስተር፣ ሲጎትቱት የሚሳበው፣ ካውያ የማይፈልገው፣ ቢያጥቡት ቀለሙን የማይለቀው፣ ዝንተ ዓለም የማያልቀው ጨርቅ። ካዲስ አበባ ይዛው የመጣችውም፣ እዚህ ከሰከንድ ሃንድ ሱቅ የለቀመችውም ተደምሮ አሥራ አራት ቀሚስ ነበራት። አንደኛው አረንጓዴ ዐይን ይወጋል። ሆስፒታል ተኝታ የቆንጂትን እጅ ይዛ፣ "ልብሶቼን ለቸገረው ስጪልኝ፣ አደራ፤ ቁም ሳጥን ውስጥ እንዳይቀሩ" አለቻት። ቆንጂትም ማለችላት።

ልብሶቹ ግን የነበሩት ሚነርቫ ፓርክ፣ ከፀሐይወርቅ ልጅ ከሩሃማ ቤት ነው። ቆንጂት ኮል ባደረገቻት ቁጥር "ቆይ አክስቴ፣ ኔክስት ዊክ" ትላታለች። አርባው አለፈ። ሰማንያው አለፈ። የሟች ልብስ ሳይሰጥ ሰማንያ ቀን! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ትልልቅ ፌስታል ይዛ ሳትደውል ሄደች።

በሩ ሲከፈት ያየችውን ማመን አቃታት። የእህቷ ቀሚሶች እጅጌያቸው ተነቅሎ፣ አራት ማዕዘን እየሆኑ ተቆራርጠው፣ ሳሎኑ ወለል ላይ ተደርድረዋል።

"በስመ አብ! ምን እያደረግሽ ነው?"

"ኪልት ነው አክስቴ። የእማዬን ሜሞሪ ኪፕ ላደርግበት..."

"ድሪቶ ነው በይኝ!"

ኪልት ጠፍቷት አይደለም። መጦሪያው ውስጥ የአሮጊቶቹን ስታጥብ ነው የኖረችው፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ የተሰፋ የአልጋ ልብስ ነው፣ ሲቀደድባቸው ያለቅሱለታል። ያ የእነሱ ነው። በእኛ አገር ቁራጭ በቁራጭ ላይ ደርቶ የሚለብሰው ያጣ የነጣ ደሃ ነው። ፀሐይወርቅ ደግሞ ለማንም እጇን ዘርግታ አታውቅም!

"እናትሽ በሕይወቷ ድሪቶ ለብሳ አታውቅም! ከሞተች በኋላ ልታለብሻት ነው? አዬ፣ የሞተ ተጎዳ!"

"አክስቴ፣ ፕሊስ፣ አንዴ ስሚኝ..."

"አልሰማሽም! አደራ በላ አደረግሽኝ እኮ!"

መቀስ ያልነካቸው ሦስት ቀሚሶች ሶፋው ላይ ነበሩ። አረንጓዴው አንዱ ነው። አፈፍ አድርጋ ፌስታሉ ውስጥ ከተተቻቸውና በሩን አላትማው ወጣች። ሩሃማ ቀኑን ሙሉ ብትደውልም አላነሳችም።

በማግሥቱ ሦስቱን ቀሚሶች ይዛ ሮማን ዘንድ ሄደች። ሮማን በዲቪ ከመጣች ዓመት ያልሞላት፣ ፎረስት ፓርክ ቤዝመንት ተከራይታ ዌርሃውስ የምትሠራ ልጅ ናት። ከሷ በላይ የቸገረው ከየት ይመጣል? ቆንጂት የሆነውን ሁሉ ከነንዴቷ ነገረቻትና ቀሚሶቹን አወጣችላት። ሮማን አረንጓዴውን ከፍ አድርጋ አየችው፤ ሳቋን ለመዋጥ ስትታገል ያስታውቅባታል።

"እትዬ ቆንጂት፣ አይቀየሙኝና... ይሄን ለብሼ የት እሄዳለሁ?"

"ምን ሆነ? አልተቀደደ! አልነተበ!"

"እሱማ መቼም አይነትብ። ግን እኔ ልብስ አልቸገረኝም፤ ከቸርች የሰጡኝ ሞልቶኛል።" ከዚያ ሳቋን ተወችው። "ለልጇ ለምን አልተዉላትም? ከሷ በላይ ማን ቸግሮት?"

ምን አገባሽ! ልትላት አፏ ላይ ደርሶ ነበር። የትናንት መጤ ልታስተምረኝ! ቀሚሶቹን መልሳ ፌስታሉ ውስጥ ከተተቻቸውና ወጣች። መኪናዋን እየነዳች ለብቻዋ ስትጨቃጨቅ ሚነርቫ ፓርክ ደረሰች።

ሩሃማ ስፌት መኪናው ላይ አቀርቅራ ነበር። ቆንጂት ሰላም እንኳ ሳትል የተሰፋውን አንስታ ገለበጠችው።

"ይሄ ስፌት ነው? ጀርሲ እንደሚሳብ አታውቂም? ሁለቴ ድራየር ሲገባ ይተረተራል! ካውያም አስነክተሽዋል፣ ይኸው ቀልጧል!"

"ዩቱብ እያየሁ ነው የሠራሁት" አለች ሩሃማ። ዐይኗ አብጧል። "ማንን ልጠይቅ? አንቺ ስልክ አታነሺ።"

ቆንጂት ሦስቱን ቀሚሶች ጭኗ ላይ ጣለችላት። "እንቺ! ከቆረጥሽ አይቀር በደንብ ቁረጪ!" አለችና የተሰፋውን ወለሉ ላይ ዘረጋችው። መሀል ላይ አንድ ቦታ ባዶ ነው።

"ይሄስ? ጨርቅ አነሰሽ?"

ሩሃማ ባዶውን ቦታ በመዳፏ ዳበሰችው። "ያንቺ ቦታ ነው። ካንዱ ልብስሽ ላይ ትንሽ ልለምንሽ ነበር።"

"እኔ አልሞትኩም!"

"ለሱ እኮ ነው!" አለች ሩሃማ፤ እንባዋ መጣ። "የእማዬን ስቆርጥ የትኛውን የት እንደለበሰችው አላውቅም። ጠይቄያት አላውቅም። ያንቺን እየነገርሽኝ ልስፋው።"

 የቆንጂት ንዴት አልበረደም፤ በሩሃማ ይሁን፣ ጥላት በሄደችው እህቷ ይሁን፣ በራሷ ይሁን ግን መለየት አቃታት። ከዚያ መቀሱን ነጥቃ የለበሰችውን ሰማያዊ ጉርድ ጫፍ ሳትለካ ቆረጠችና ልጅቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

"አንቺ የተወለድሽ ዕለት ይሄን ለብሼ ነው ከዶክተሩ ጋር የተጣላሁት" አለች። "ከዚህ በላይ የለም! ቀሪውን ስሞት ትቆርጪዋለሽ፤ ያኔ እንደለመድሽው፣ ማንንም ሳትጠይቂ።"